አስቤዛ ከገበያ ወደ ቤት ሲገባ

የኮሮና ቫይረስ በሀገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጠ በኋላ፣ «ከገበያ የመጣ ዕቃ በሽታ ያስገባብናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣ ነበር። ጾመ ፍልሰታ ሲቃረብ፣ ገበያውም ለሽሮ፣ ለምስርና ለአትክልት ሲጨናነቅ፣ ካህናት በዚህ ጉዳይ ለምእመናን የሚሰጡት መልስ ግልጽ ሊሆን ይገባል። መልሱ ካልጠራ አንዱ ነገሩን ንቆ እጁን ሳይታጠብ ይበላል፤ ሌላው ፈርቶ ሰላጣውን በበረኪና ይዘፈዝፋል። የሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው የሚያንስ አይደለም።

ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው፣ በትንፋሽ፣ በሳልና በንግግር ነው። በቤተ ሙከራ በተደረገ ጥናት በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ በካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት መቆየቱ ታይቷል፤ ሆኖም መጠኑ በየሰዓቱ እየመነመነ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሰዎች በምግብ አማካኝነት በዚህ በሽታ ስለ መያዛቸው ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። እንግዲህ ሥጋቱ ከዘንቢሉ ይልቅ በገበያው ግፊያ ውስጥ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ጤነኛ ሰው ብቻ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ከዋዜማው ግርግር ቀደም ብሎ ቢገበይ፣ ይህ ጥንቃቄ ከማናቸውም የዕቃ እጥበት ይበልጣል። አረጋውያን፣ እንዲሁም የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ከገበያ ይቅሩ።

ከገበያ የተመለሰ ሰው ዘንቢሉን በአንድ ቦታ አስቀምጦ፣ ብር የቆጠረበትን እጅ ፊቱን ሳይነካ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ። ዕቃውን በየቦታው ካደረገ በኋላም እንደገና ይታጠብ። ጎመን፣ ቲማቲምና ቃሪያ በንጹሕ ውኃ እየታሹ ይታጠቡ፤ ሳሙና ግን በምግብ ላይ ቀርቶ ሆድ ስለሚያውክ አይጨመርበት። በእኛ አስተያየት ይህ ልማድ ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ ሊቀር አይገባውም፤ በተለይ በክረምት ከታይፎይድና ከአሜባም ይጠብቃልና። ሽሮና ዱቄት እሳት ይበቃቸዋል።

በረኪና ለጠረጴዛና ለበር እጀታ እንጂ ለምግብ አይደለም። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ፣ 1 እጅ በረኪና በ49 እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ይበረዛል። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ቢቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ደግሞ ውኃ መስሏቸው ለሚጠጡ ሕፃናት እጅግ አደገኛ ነው።

የሰበካ ጉባኤያት ለነዳያን የሚያሰባስቡትን ዱቄትና ዘይት በተመለከተ፣ በየጆንያው ላይ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ያ ገንዘብ ለሳሙና ይዋል፤ ሳሙና መግዛት ለማይችል ቤተሰብ «እጃችሁን ታጠቡ» ብሎ ማስተማር ብቻውን አይበቃምና ከዱቄቱ ጋር አብሮ ይሰጥ። ዕደላውም ራሱ ገበያ እንዳይሆን፣ ተረጂዎች በሰፈር ተከፍለው በየተራ ይጠሩ፤ በመካከላቸውም ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይኑር። ከቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን እህሉ በደጃቸው ይድረስላቸው። የሚያደርሱት ወጣቶች ከደጅ ሆነው ሰላምታ ይስጡ፤ ሳል ወይም ትኩሳት የተሰማው ግን በሌላ ይተካ።