ጓጉንቸር ያለ ቁልፉ የሚከፈተው ስለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1851 አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ ለንደን ውስጥ ቸብ የተባለውን ጓጉንቸር ያለ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ያህል ከፈተ። ብራማ የተባለው ግን በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት አደከመው። ሰውየው ያው ነው፤ ልዩነቱ ከወዴት መጣ?

ዛሬ የተለመደውን ባለ ፒን ጓጉንቸር እንመልከት። እያንዳንዱ ፒን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ክፍፍሉ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር ካልገጠመ ሲሊንደሩ አይዞርም። 5 ፒኖች በ10 የከፍታ ደረጃዎች 100,000 ዓይነት ቁልፍ ይሰጣሉ። ሆኖም የፒኖቹ ቀዳዳዎች ፍጹም በአንድ መስመር አልተበሱም፤ ጥቃቅን የአሠራር ስሕተት አለ። ስለዚህ ሲሊንደሩን በጥቂቱ ብንጠመዝዘው አስቀድሞ የሚታሰረው አንድ ፒን ነው። እርሱን በሽቦ ገፍተን ልኩ ላይ ስናደርሰው ሲሊንደሩ ቅንጣት ይዞራል፤ ተራው የሌላው ይሆናል። ማባዛቱ ወደ መደመር ተለወጠ፤ የታሰረውን ፒን መፈለጉ ሳይቆጠር ሙከራው ቢበዛ 50 ነው። ቀዳዳዎቹ ይበልጥ በተስተካከሉ ቁጥር ፒኖቹን መለየት ይከብዳል።

ይህን ለጨዋታ የሚለማመዱ ብዙዎች ናቸው። (በሰው በር ላይ ከሆነ ግን ወንጀል ነው።) ጀማሪው አብዝቶ ይጠመዝዛል፤ ያን ጊዜ ሰበቃው ፒኖቹን ሁሉ ስለሚይዝ እጁ ምንም አይለይም። ወገቡ የቀጠነ ፒን ደግሞ የለመደውንም ያታልላል፤ ሲሊንደሩ ጥቂት ዞሮ የተከፈተ ይመስልና ይቆማል። ለማለፍ ጥምዘዛውን ማላላት ግድ ነው፤ ሲላላ ግን ቀድመው የተስተካከሉት ሊመለሱ ይችላሉ።