ርካሽ አልጋና የጅማ ታሪክ

ከሚዛን ተፈሪ በቦንጋ አድርገን ጅማ ስንገባ አልጋ ቤት አድረን ሲነጋ ወደ መናኸሪያ እንሮጣለን። እኔም ሁለቴ እንዲሁ አለፍኩ። በማስተማር ልምምድ ላይ አንድ ተማሪ «አባ ጅፋር ማን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን አፌ ተያዘ።

በሦስተኛው ጉዞ አንድ ሌሊት ጨመርኩ። አልጋ ስንይዝ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ዋጋው ስንት ነው? አንሶላው ተለውጧል? ቁልፉ ይሠራል? ሽንት ቤቱ የጋራ ቢሆንም ለአንድ ሌሊት አይከፋም።

በተረፈችኝ ገንዘብ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጅሬን ወጣሁ። የእንጨት ሰገነት ያለው ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ነግሠው፣ ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ ጅማን ከጦርነት ያተረፉ ንጉሥ ናቸው።

አሁን ያ ተማሪ ቢጠይቀኝ መልስ አለኝ። እናንተስ?