የቮላኖ ክብደት ቅነሳና ምርጫ በአነስተኛ አሮጌ ሞተር ላይ፦ በቮልስዋገን 1300 የተደረገ ስሌት

መግቢያ

ቮላኖ ሲቀል የሞተር ኃይል ይጨምራል የሚለው አባባል በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። አባባሉ እንዳለ ሲወሰድ ስሕተት ነው፤ ቮላኖ ጉልበት ያከማቻል እንጂ አያመነጭም። ይሁን እንጂ ከአባባሉ በስተጀርባ እውነተኛ ልምድ አለ፤ የቀለለ ቮላኖ ያለው መኪና በአንደኛ ማርሽ ፈጠን ብሎ ሲነሣ አሽከርካሪው በግልጽ ይሰማዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያ ፍጥነት ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ዋጋ እንደሚገኝና በዳገታማ ከተማ ለሚነዳ መኪና ይበጅ እንደሆነ ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው የቮልስዋገን 1300 ሞተር ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ይህ የመኪና ዓይነት፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ መሠረታዊ አሠራሩን አልለወጠም። በኢትዮጵያ ደግሞ ከመጓጓዣነት ያለፈ ትዝታ አለው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሚታይ በመሆኑ ጥያቄው የቤተ ሙዚየም ጥያቄ አይደለም።

የማርሽ ውጤት

ፍላይዊል፣ በጋራዥ አጠራር ቮላኖ፣ በክራንክ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰር የብረት ክብ ነው። በፒስተኖቹ ፍንዳታዎች መካከል ዙሩ እንዳይዋዥቅ ያደርጋል፤ ፍሪሲዮን የሚያርፍበትን ገጽ ይሰጣል፤ ሞተሪኖው የሚነክሳቸውን ጥርሶችም ይሸከማል።

መኪናው ሲፈጥን ቮላኖውም አብሮ መፍጠን ስላለበት፣ የሽክርክሪት ኢነርሺያው በመኪናው ላይ እንደተጨመረ ጭነት ሊቆጠር ይችላል። ይህ ምናባዊ ጭነት የሚገኘው ኢነርሺያውን በጠቅላላው የማርሽ ምጣኔ ካሬ አባዝቶ ለጎማው ራዲየስ ካሬ በማካፈል ነው። የነገሩ ቁልፍ ካሬው ላይ ነው። ለስሌቱ ቮላኖው 8 ኪ.ግ፣ የሽክርክሪት ራዲየሱ 0.10 ሜትር፣ ስለዚህም ኢነርሺያው 0.08 ኪ.ግ ሜትር ካሬ ተደርጎ ተወስዷል። የማርሽ ምጣኔዎቹ 3.80፣ 2.06፣ 1.26 እና 0.89፣ የዲፈረንሻሉ 4.375፣ የጎማው የመንከባለያ ራዲየስ ደግሞ 0.31 ሜትር ነው።

በዚህ መሠረት ቮላኖው በአንደኛ ማርሽ 230 ኪ.ግ ያህል ጭነት ሆኖ ይቆጠራል፤ በሁለተኛ 68፣ በሦስተኛ 25፣ በአራተኛ 13 ኪ.ግ ገደማ ብቻ ነው። አሽከርካሪው ጭምር 900 ኪ.ግ በሚመዝን መኪና ላይ በአንደኛ ማርሽ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛውን የሚይዘው ይህ ጭነት፣ በአራተኛ ማርሽ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከጠርዙ፣ በ0.125 ሜትር ራዲየስ ላይ፣ 2 ኪ.ግ ብረት በቶርኖ ቢነሣ የቮላኖው ክብደት በሩብ ሲቀንስ ኢነርሺያው ግን በ39 በመቶ ይቀንሳል። መኪናው በአንደኛ ማርሽ በ9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ በሁለተኛ 3 በመቶ፣ በሦስተኛ 1 በመቶ፣ በአራተኛ ግማሽ በመቶ ብቻ። ያው 2 ኪ.ግ ከመሐሉ አካባቢ፣ በ0.06 ሜትር ራዲየስ ላይ፣ ቢነሣ በአንደኛ ማርሽ የሚቀንሰው ምናባዊ ጭነት ከ90 ወደ 21 ኪ.ግ ይወርዳል። ስለዚህ «ስንት ኪሎ ወጣለት?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ፣ ከየት እንደወጣ ካልተጨመረበት ብዙም ትርጉም የለውም።

በዳገት ላይ መነሣት

ጥቅሙ ባለበት በአንደኛ ማርሽ ጉዳቱም አለ። አሽከርካሪው ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር አድርሶ ፍሪሲዮን ሲለቅና ዙሩ ወደ 1,000 ሲወርድ፣ ያልተነካው ቮላኖ 1,316 ጁል ያህል ይለቃል፤ የቀለለው 802 ጁል። ልዩነቱ 900 ኪ.ግ የሚመዝን መኪና ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው፤ ማለትም በ10 በመቶ ዳገት ላይ 58 ሳንቲ ሜትር ያህል መንገድ። በፍሪሲዮኑ መንሸራተት ወደ ሙቀት የሚለወጠው ክፍል ከዚህ ቢቀነስም፣ ከቆመበት ዳገት ለሚነሣ መኪና ወሳኙ ርቀት ይኸው የመጀመሪያው ግማሽ ሜትር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይከፋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ በሚገኝ ሥፍራ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር ከቶርኩ ከአምስተኛ እስከ ሩብ የሚደርስ ያጣል። የ1300ው ሞተር በፋብሪካ መግለጫው 87 ኒውተን ሜትር የሚሰጠው በ2,000 ዙር ነው፤ ከዚያ በታች ባለው ዙር የቮላኖው ክምችት የሚተካውን ያህል የአየር እጥረቱ ይወስዳል። የቀለለ ቮላኖ የያዘ አሽከርካሪ ያንኑ የጉልበት ክምችት ለማግኘት ሞተሩን ከ2,000 ይልቅ ወደ 2,560 ዙር ማድረስ ይኖርበታል። ከጋዝ በላይ የሚያስከፍለው ግን ፍሪሲዮኑ ነው፤ በዙር ልዩነቱ መጠን እየተንሸራተተ ይነድዳል።

በሚኒሞም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። የዙር መዋዠቅ ከኢነርሺያውና ከዙር ፍጥነቱ ካሬ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። የክራንክ ዘንጉ የራሱ ኢነርሺያ ካልተቆጠረ፣ ከላይ የተጠቀሰው ቅነሳ መዋዠቁን በ1.64 እጥፍ ያሳድገዋል። ለተመሳሳይ የጉልበት ልዩነት በ850 ዙር የሚታየው መዋዠቅ በ3,400 ዙር ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሚወርድ፣ ለውድድር በከፍተኛ ዙር ለሚነዳ ሞተር ችግሩ ከናካቴው ላይሰማ ይችላል። በትራፊክ መብራት ላይ ለሚቆም ሞተር ግን መንቀጥቀጥና አልፎ አልፎ መጥፋት ማለት ነው።

የአሠራር ደኅንነት

ብረት መቀነስ በቶርኖ እንጂ በመሰርሰሪያ ባይሆን ይመረጣል። በሚሽከረከር ክብ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት በ4,500 ዙር ሲታይ መጠነኛ ነው፤ ለስስ ጠርዝ በሚያገለግለው ቀመር ሲሰላ በ0.1375 ሜትር ራዲየስ ላይ 33 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። ነገር ግን በቀዳዳ ዙሪያ ውጥረቱ እስከ ሦስት እጥፍ ሊያድግ ይችላል፤ ዙሩ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። በፍሪሲዮን ሙቀት የተሰነጣጠቀ ገጽ ላይ ቀዳዳ መብሳት ስንጥቁን መንገድ ማሳየት ነው። ከግራጫ ካስት አይረን የተሠራ ቮላኖ ጨርሶ ባይነካ ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ብረት ሳያስጠነቅቅ ይፈነዳል፣ በቮልስዋገን ላይ ደግሞ ቮላኖው ያለው ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው።

ሚዛን መጠበቅ ሌላው ግዴታ ነው። በ0.13 ሜትር ራዲየስ ላይ የቀረ 5 ግራም ልዩነት በ4,500 ዙር 144 ኒውተን የሚሆን የሚሽከረከር ኃይል ይፈጥራል፤ ኩሽኔታውን የሚመታው ይህ ነው። ቮላኖው በአንድ ማዕከላዊ ዳዶ፣ ወደ 300 ኒውተን ሜትር በሚደርስ ጥብቀት፣ ስለሚታሰርና ቶርኩን ትናንሽ ፒኖች ስለሚያስተላልፉ፣ የፒኖቹን መቀመጫ የሚነካ ማንኛውም ሥራ መወገድ አለበት።

ምርጫ

ከመቅለል በፊት መግጠሙ ይረጋገጣል። የባለ 6 ቮልት ዘመን ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስ ስላላቸው ከሞተሪኖውና ከካምቢዮው ቤት ጋር መስማማት ይኖርባቸዋል፤ የፍሪሲዮኑ ስፋትም 180 ወይስ 200 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይታያል።

ለከተማ መኪና ከጠርዙ እስከ 1 ኪ.ግ መቀነስ ተቀባይነት ያለው ወሰን ሆኖ ይታያል። በአንደኛ ማርሽ 45 ኪ.ግ ያህል ምናባዊ ጭነት ያነሣል፤ የሚኒሞው መዋዠቅም በሩብ ገደማ ብቻ ይጨምራል። ተሳፋሪ ሞልቶ ዳገት የሚወጣ መኪና ግን እንዳለ ቢተው የተሻለ ነው።

የተወሰደው ግምት በተግባር ሊለካ ይችላል። ቮላኖው ከመሐሉ 0.12 ሜትር ርቀው በሚታሰሩ ሦስት እኩል የ1.5 ሜትር ሽቦዎች በአግድም ተንጠልጥሎ በትንሹ ጠምዘዝ ተደርጎ ሲለቀቅ፣ ያልተነካው ሃያ ውዝዋዜ በ41 ሰከንድ፣ 2 ኪ.ግ የተነሣለት በ37 ሰከንድ ያህል ይጨርሳል። ልዩነቱን ለመያዝ ተራ የሩጫ ሰዓት ይበቃል፤ ሥራው ከቶርኖው በፊትም በኋላም ቢደገም የተነሣው ብረት ከየት እንደተነሣ ቁጥሩ ይናገራል።