ስልክና የመድኃኒት ሰዓት



በሀገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሞታቸውን ይጠባበቁ የነበሩ ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ሆኖም መድኃኒቱ ቫይረሱን ይገታዋል እንጂ ከሰውነት አያስወጣውም፤ ስለዚህ በየዕለቱ፣ ዕድሜ ልክ ሊወሰድ ይገባል። በየጊዜው ከተቋረጠ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለማመዳል፤ ያን ጊዜ የሚያድነው ክኒን መሥራቱን ሊያቆም ይችላል።

ታዲያ በየኪሳችን ያለው ስልክ በዚህ ምን ይረዳል? በኬንያ በ538 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መልስ ይሰጠናል። ከሕሙማኑ እኩሌታ ለሚሆኑት ከጤና ባለሙያ በየሳምንቱ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክላቸው ነበር። መልእክቱ በኪስዋሂሊ «ማምቦ?»፣ ማለትም «እንዴት ነህ?» የሚል ሰላምታ ነው፤ በሽታውንም መድኃኒቱንም አይጠራም። ሕመምተኛው በ48 ሰዓት ውስጥ «ደኅና ነኝ» ወይም «ችግር አለብኝ» ብሎ ይመልሳል። ችግር ያለበትንና ዝም ያለውን ባለሙያው ደውሎ ይጠይቀዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ቫይረሱ የተገታላቸው፣ መልእክቱ ከደረሳቸው 57 በመቶ፣ ካልደረሳቸው ደግሞ 48 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ የጠቀመው ስልኩ ብቻ ሳይሆን ከስልኩ ማዶ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው።

ወደ ከተማችን ስንመለስ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የእጅ ስልክ ካላቸው መካከል የመልእክት ማስታወሻ ለመቀበል የፈቀዱት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ይህ ሊያስገርመን አይገባም። በብዙ ቤት አንዱ ስልክ የባልም፣ የሚስትም፣ የልጅም ነው። ማንበብ የማይችል አባት መልእክቱን ለልጁ ሰጥቶ ያስነብባል። እንግዲህ «መድኃኒትህን ውሰድ» የሚል ቃል ለአንዱ ማስታወሻ ሲሆን፣ ለሌላው ምስጢሩን በአደባባይ የሚያወጣ ይሆንበታል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንያዝ። አንደኛ፣ መልእክት የሚላከው ባለቤቱ ሲፈቅድና ቃሉንም ሰዓቱንም ራሱ ሲመርጥ ነው። ሁለተኛ፣ መልእክት ለማይሻ ወይም ማንበብ ለማይችል ሰው በራሱ ስልክ ላይ የሚሞላ ደወል ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ ማን መድኃኒት እንደሚወስድ እኛ አንጠይቅም፤ ምስጢሩን ያዋየን ሰው ካለ ግን በስልክ «እንዴት ዋልህ?» ከማለት አንቦዝን፤ ችግር ቢነግረንም ወደ ሕክምናው እንዲመለስ እናበረታታው።

ለውይይት፦
1. የኬንያው መልእክት የበሽታውን ስም አለመጥራቱ ለምን ጠቀመ?
2. ስልክ የሌለውን ጎረቤታችንን ምስጢሩን ሳናወጣ እንዴት ልንረዳው እንችላለን?