በዕድሜ ስንገፋ ልባችንን እንዴት እንጠብቅ?

ድሬዳዋን ያየ ሰው ደቻቱን ያውቃል። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል አሸዋማ ወንዝ ነው፤ በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ ይገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለበትም። ሰውም ግመልም አሸዋውን ረግጦ ይሻገራል። ነገር ግን በላይ በደጋው ኀይለኛ ዝናብ ከጣለ፣ ከተማው ላይ ጠብታ ባይወርድም ጎርፍ ይመጣል። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ።

በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ስለ ልብ ነው። በደቻቱ የጀመርነው የደም ግፊት በሽታም እንደዚሁ ስለሆነ ነው። ሰውየው ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። ምንም አያመውም። በውስጡ ግን ግፊቱ ከፍ እያለ ይሄዳል።

ልብ የተጨበጠ እጅ የሚያህል ጡንቻ ነው። ሥራው ደምን ወደ መላ አካላችን መግፋት ነው። በአንድ ቀንና ሌሊት 100000 ጊዜ ያህል ይመታል። በሬ እንኳ ከቀንበር ሲፈታ ያርፋል፤ ልብ ግን ቆሞ አያርፍም።

ደም የሚሄደው በደም ሥሮች ውስጥ ነው። በወጣትነት የደም ሥር እንደ አዲስ የውኃ ጎማ ይለጠጣል። ጎማ ፀሐይ ላይ ብዙ ዓመት ከቆየ ይደርቃል አይደል? የደም ሥርም ዕድሜ ሲጨምር እየጠነከረ ይሄዳል። ያን ጊዜ ልብ ደሙን ለማሳለፍ በኀይል ይገፋል። ለዓመታት ሲገፋ የልብ ጡንቻ ይወፍራል፤ ኋላም ይደክማል። እግር ያብጣል፤ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሌሊት በጀርባ መተኛት ያስቸግራል። በአንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ሲፈነዳ ወይም ሲደፈን ደግሞ ግማሽ አካል ሽባ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች «ደም ግፊት የከተማ ሰው በሽታ ነው፤ የወፍራም ሰው ነው» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ቀጭን ገበሬም ይይዘዋል። ግፊት መኖሩ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

መለካት አያምም። በጤና ጣቢያ ክንድ ላይ ጨርቅ ይጠመጠማል፤ በአየር ይሞላል፤ ሁለት ቁጥር ይነበባል። 120 በ80 ደህና ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው። ማንበብ ተምረናልና ቁጥሩን ጠይቀን በወረቀት እንጻፍ። ከመለካታችን በፊት 5 ደቂቃ ቁጭ ብለን እንረፍ። ቡና ጠጥተን ወይም ጫት ቅመን ወዲያው ብንለካ ቁጥሩ ያሳስተናል።

ጫትን ካነሣን ሳንደብቅ እንናገር። በሐረርጌ ጫት የብዙ ገበሬ ገቢ ነው። በድሬዳዋም ከቀትር በኋላ በርጫ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ጫት የልብን ምት ያፋጥናል፣ ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ጫት በብዛት በሚቃምባት በየመን የተደረጉ ጥናቶች፣ አዘውትረው በሚቅሙ ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም እንደሚበዛ አሳይተዋል። ሲጋራ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል። እንቅልፍም ይጠፋል፣ መድኃኒትም ይረሳል። ስለዚህ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ጫትን ቢተው ይሻለዋል እንላለን። ለሽማግሌዎቻችን ከባድ ነገር እንደሆነ እናውቃለን።

ሁለተኛው ነገር ጨው ነው። ለአንድ ሰው በቀን የሚበቃው በሻይ ማንኪያ አንድ ልክ፣ ማለትም 5 ግራም ነው። ይህ የወጡም፣ የቂጣውም፣ የሆጃውም ጨው ተደምሮ ነው። ሆጃ በጨው የሚጠጣ ሰው ይህን አይቆጥረውም። «እኛ በሙቀት አገር ነው የምንኖረው፤ ላብ ጨው ያወጣል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ግን በምግባችን ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይተካዋል። በሙቀት ጊዜ ጨው ከመጨመር ይልቅ ውኃ መጠጣት ይበልጣል። እናቶች ወጥ ሲሠሩ ጨውን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቢቀንሱ ምላስ ይለምደዋል።

ገበሬ ሲሠራ ኖሮ ልጆቹ እርሻውን ሲረከቡት ደጅ ላይ መቀመጥ ያበዛል። ይህ ለልብ አይበጅም። ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ግማሽ ሰዓት መራመድ፣ ፍየል ማሰማራት፣ ጓሮ መኮትኮት ይበቃል።

የግፊት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በየቀኑ ይውሰድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኪኒኑን አንድ ወር ይውጥና «ድኛለሁ» ብሎ ይተዋል። ግፊቱ የወረደው እኮ በኪኒኑ ነው! ሲተወው ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርት መብላት ክፋት የለውም፤ በኪኒኑ ፋንታ ግን አይሆንም። የጎረቤትን ኪኒን መዋስም አይገባም፤ ለአንዱ የሚስማማው ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከወጣ፣ ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ ምላስ ከተሳሰረ ወይም አንድ እጅ ከዛለ፣ «እስኪነጋ እንይ» አይባልም። በዚያው ሰዓት በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የኪኒኑን መያዣና ግፊቱ የተጻፈበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።