በነርሶች ላይ የሚቀርብ ሙያዊ አቤቱታ እና የሕክምና ካርድ ማስረጃነት፦ ከይፋት ቆላ አንጻር

በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት በነርስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ሦስት መንገዶች አሉት። በቸልተኝነት ሰው ከሞተ ጉዳዩ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ይታያል። ካሳ የሚጠየቀው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 ስለ ሙያ ጥፋት በተደነገገው መሠረት ነው። ሦስተኛው መንገድ ሙያዊ ምርመራ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 661/2002 እና በደንብ ቁጥር 299/2006 ሥርዓት ተበጅቶለት ነበር። የዚህ ምርመራ ዋና ጥያቄ ባለሙያው የሙያውን ደረጃ ጠብቆ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው ነው።

የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታውን፣ የተከሳሹን የጽሑፍ መልስና የሕክምና ካርዱን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። አስተዳደራዊ እርምጃው ከማስጠንቀቂያ አንሥቶ የሙያ ፈቃድን እስከማገድና እስከመሰረዝ ሊደርስ ይችላል። የፌዴራሉ ኮሚቴ በሰጣቸው 125 ውሳኔዎች ላይ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአብዛኞቹ አቤቱታዎች ላይ የባለሙያ ስሕተት አልተረጋገጠም። ይሁን እንጂ ስሕተት አልተረጋገጠም ማለት ጉዳት አልደረሰም ማለት አይደለም።

የዚህ ልዩነት ትርጉም ከሸዋሮቢት ሆኖ ሲታይ ይጎላል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ከፍ ያለ ሕክምና የሚሻ ሕመምተኛ አቀበቱን ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል። ለአብነት ያህል፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ደም የሚፈሳትን ወላድ ሪፈር ጽፋ አምቡላንሱ ዘገየ እንበል። ነርሷ አምቡላንስ የጠራችበትን ሰዓት በካርዱ ላይ ካሰፈረች መዘግየቱ የተቋሙ መሆኑ ይታያል። ካላሰፈረች ግን ባዶው መስመር የእርሷ ቸልተኝነት ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። የሟች ቤተሰብም ቢሆን በቃል ከሚያስረዳው በቀር በእጁ ሰነድ የለውም፤ የውሳኔ ሰጪው መቀመጫ ባሕር ዳር ሲሆን ደግሞ ድካሙ ይበረታል።

ስለዚህ ፍትሐዊ ምርመራ ሦስት ነገሮችን ይሻል። አንደኛ፣ አቤቱታ በቀረበበት ዕለት ካርዱ ተገልብጦ ቅጂው በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሊቀመጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከነርሷ መልስ ጎን ተቋሙ ስለ ተረኛ ብዛት፣ ስለ መድኃኒትና ስለ አምቡላንስ በጽሑፍ ሊጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ ለአቤት ባዩ በሚገባው ቋንቋ ሊገለጽለት ይገባል። እነዚህ ካልተሟሉ ምርመራው የተጻፈውን እንጂ የተደረገውን አይመዝንም።