የአገር ስም፣ የውጭ ካፒታል፦ የቢራ ማስታወቂያና «ዓለም አቀፍ ባህል» በኢትዮጵያ

ስለ መገናኛ ብዙኃንና ባህል የሚጻፉ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ ከአንድ ግምት ይነሣሉ፤ ማስታወቂያ የውጭውን አኗኗር ይዞ ይገባል፣ የአገሩም ባህል በዚያው መጠን ይሸሻል የሚል። ግምቱ ያለ መሠረት የመጣ አይደለም። ኸርበርት ሺለር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ የመገናኛ ብዙኃንን የባህል የበላይነት ማስፈኛ አድርጎ ተችቷል። ቴዎዶር ሌቪት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983፣ በነጋዴው ወገን ቆሞ፣ የዓለም ሸማቾች ፍላጎት ወደ አንድ እየተሰበሰበ ስለ ሆነ ኩባንያዎች አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ዓይነት መንገድ ቢሸጡ ይበጃቸዋል ሲል ተከራክሯል። አንዱ የሚያዝንበትን ሌላው ይደሰትበታል እንጂ ሁለቱም የሚጠብቁት መመሳሰልን ነው። የኢትዮጵያ የቢራ ማስታወቂያ ግን ለዚህ ግምት አይመችም።

የባለቤትነቱን ታሪክ በአጭሩ መከተል ያስፈልጋል። በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ከመንግሥት ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሆላንዱ ሃይኒከን የሐረርንና የበደሌን ፋብሪካዎች በ163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዙ ዲያጆ ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ ይኸው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ለካስቴል ተሸጧል። በዚህ ሁሉ የእጅ ለውጥ ውስጥ የነባሮቹ ቢራዎች ስም ባለበት ቀረ። ሃይኒከን እ.ኤ.አ. በ2014 ለሰፊው ገበያ አዲስ ቢራ ሲያወጣም «ዋልያ» ብሎ ሰየመው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የማይገኝ እንስሳ ነው፤ የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድኑም መጠሪያ ነው። ከብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ባለአክሲዮኖች ጋር የሆላንዱ ባቫሪያ የገባበት ቢራ ደግሞ «ሐበሻ» ተባለ። ቅዱሱ፣ እንስሳውና ሕዝቡ ራሱ ጠርሙስ ላይ ወጡ። ከፍተኛው ተራራም አልቀረም፤ እርሱ ግን የወጣው በአማርኛ ስሙ በ«ደጀን» ሳይሆን የውጭ ካርታዎች ባስለመዱት «ዳሽን» መሆኑ ለብቻው ጥናት የሚሻ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ጋር ኮካ ኮላን ማነጻጸር ይጠቅማል። የኮካ ኮላ የአማርኛ ምልክት በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ቢሆንም ፊደሎቹ የእንግሊዝኛውን ምልክት ጥምዝምዝ ቅርጽ ይከተላሉ። አንባቢው የአገሩን ፊደል ቢያይም ስሙ የባዕድ መሆኑን አይዘነጋም፤ መደበቅም አልተፈለገም። በቢራው ግን ነገሩ ተገላብጧል። የሚታየው ሁሉ የአገር ነው፤ የማይታየው ካፒታሉ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ክሥተት ሮላንድ ሮበርትሰን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ ያስፋፋው «ግሎካላይዜሽን» የተሰኘ ጽንሰ ሐሳብ አለ። ቃሉ ከጃፓን የንግድ አሠራር የተወሰደ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ ነገር ከአካባቢው ጋር ተስማምቶና ተላምዶ መቅረቡን ይገልጻል። መግለጫነቱ አያከራክርም፤ ይሁንና የቢራውን ጉዳይ በዚህ ቃል ጠርቶ ማለፍ ዋናውን ጥያቄ መዝለል ይሆናል። «መላመድ» ሲባል ሁለት ወገኖች እርስ በርስ የተቀራረቡ ይመስላል። በተግባር ግን አንደኛው ወገን ስሙን አስመዝግቧል፤ ሌላኛው ስሙን ያለ ዋጋ ሰጥቷል። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት ለባለቤቱ በንግድ ሥራ የመጠቀም ብቸኛ መብት ያስገኛል። እርግጥ ነው፣ ማንም ሰው እንስሳውን ዋልያ ብሎ ከመጥራት አይከለከልም። ነገር ግን የጋራ የነበረው ስም አሁን በተጠራ ቁጥር ከፊሉ ጥቅም ለአንድ ድርጅት የሚገባ ሆኗል።

ይህ ነጥብ ጎልቶ የሚታየው በሕጉ ላይ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ገደብ የጣለው የአልኮል መጠናቸው ከ12 በመቶ በላይ በሆኑ መጠጦች ላይ ነበር፤ ቢራ ከዚያ በታች በመሆኑ ራዲዮኑና ቴሌቪዥኑ ለእርሱ ክፍት ሆነው ቆዩ። የእነዚያ ዓመታት የቢራ ማስታወቂያ የተራራ ገጽ፣ እስክስታ፣ የበዓል ማዕድና የእግር ኳስ ደስታ መናኸሪያ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ግን የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከለከለ። ማስታወቂያው ቆመ፤ ስሙ ግን አልቆመም። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ ከቢራው ጋር አንድ ስም ይጋራል፤ የስፖርት ጋዜጠኛው የጨዋታ ውጤት ሲያነብ ስሙን ሳይጠራ ሊያልፍ አይችልም። ስለ ብሔራዊ ቡድኑ «ዋልያዎቹ አሸነፉ» ብሎ መዘገብም እንደዚሁ ነው። ሕግ የአየር ሰዓትን ሊለካ ይችላል፤ ቀድሞ የሁሉም የነበረን ቃል ግን በየትኛው ድምፀት ሲጠራ ማስታወቂያ እንደሚሆን ሊወስን አይችልም። ስሙን የመረጠው ድርጅት ይህን አስቀድሞ አስቦበታል ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ውጤቱ ግን ያሰበበትን ያህል ሆኗል።

በሌላው ጫፍ ጠላ ቤት አለ። የጠላ ሻጯ ማስታወቂያ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው፤ መልእክቱም «ዛሬ ጠላ አለ» ከማለት አያልፍም። ጠማቂዋ ለጠላዋ ስም አታወጣም፤ ሙያዋን የሚያውቃት ሠፈሯ ነው። ቢራው የአገር ምልክትን ሁሉ ሲሰበስብ ከጠላ የወሰደው ነገር ቢኖር የድግሱን ድባብ ነው፤ ጠማቂዋ በሥዕሉ ውስጥ ብትታይ እንኳ የምትታየው አስተናጋጅ ሆና እንጂ የሙያ ባለቤት ሆና አይደለም። ባህሉ ጠፋ ወይስ ተጠበቀ የሚለው የተለመደ ሙግት ይህን አያይም፤ ምክንያቱም ልብሱም፣ ጭፈራውም፣ ማዕዱም በስክሪኑ ላይ በደንብ ተጠብቀዋል።

በመሆኑም የማስታወቂያ ምስሎችን «የውጭ» እና «የአገር» ብሎ በመቁጠር ላይ የቆመ የይዘት ትንተና እነዚህን ማስታወቂያዎች በሙሉ «የአገር» በሚለው ዓምድ ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ ቆጠራው ትክክል ሆኖ ድምዳሜው ስሕተት ይሆናል። ቆጠራው ቢያንስ ከሁለት መዛግብት ጋር መያያዝ ይኖርበታል፤ ከንግድ ምልክት መዝገብና ከኩባንያዎቹ የባለቤትነት ሰነድ። ሦስተኛው ምንጭ አስቸኳይ ነው። ከ2011 ዓ.ም. በፊት የተላለፉት የቢራ ማስታወቂያዎች በአየር ላይ ስለማይደገሙ፣ ከየጣቢያውና ከየማስታወቂያ ድርጅቱ ተፈልገው፣ የተላለፉበት ቀንና ሰዓት ተመዝግቦ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ሊቀመጡ ይገባል።